የኛ ልጆች የሮጡባቸው ኦሊምፒኮች የብር ሳንቲሞች፦ በቶኪዮ ጀምሬያለሁ፣ ቀጥሎስ?

ማራቶን42 | ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ሳንቲሞቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን አንድ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ገባሁ። ባለቤቱ አርፈው ልጆቻቸው ሁሉንም ግቢ ላይ ዘርግተውታል። እኔ ብርጭቆ ነበር የፈለግኩት። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አየሁ፤ የየአገሩ ሳንቲም ተደባልቆ ሞልቶበታል። እጄን ሰድጄ ሳገላብጥ አንዱ ከሌሎቹ ከበደኝ። አወጣሁት። በአንድ ፊቱ ፉጂ ተራራ፣ ከቼሪ አበባ ጋር። ገለበጥኩት። አምስቱ ቀለበቶችና «ቶኪዮ 1964»።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቶኪዮ ማለት ለኔ አበበ ቢቂላ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ነበሩ። ማራቶኑን በ2:12:11.2 ጨረሰ፤ ከዚያ ሜዳው መሐል ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። አባቴ ይህን ታሪክ ያልነገረኝ ዓመት የለም። ያን ቀን ስታዲየም ከነበረው ሕዝብ አንዱ ይህን ሳንቲም ኪሱ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ።

የጠየቁኝን ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሳነብ 1000 የን መሆኑን አወቅኩ። 20 ግራም፣ 35 ሚሊ ሜትር፣ የብሩ ጥራት ከሺህ 925። ጃፓን መታሰቢያ ሳንቲም ማውጣት የጀመረችው በዚህ ኦሊምፒክ ነው። 15 ሚሊዮን ተመትቷል፤ ስለዚህ ብርቅ አይደለም። ለኔ ግን ብርቅ ነው።

አሁን አንድ ሐሳብ ይዞኛል። የኛ ልጆች ከሮጡበት ከእያንዳንዱ ኦሊምፒክ አንድ የብር ሳንቲም ማግኘት። ሙሉ ስብስብ አልፈልግም፤ ለአንድ ኦሊምፒክ አንድ ይበቃኛል። ባለቤቴ አናጺ ነው፣ በየልካቸው ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ እሠራልሻለሁ ብሎኛል። ልጆቼ እያዩት እንዲያድጉ ነው።

ከቶኪዮ ቀጥሎ ምን ልፈልግ? እውነተኛ ብር መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ጠርዙ አካባቢ ጠቁሯል፣ ወደ ሰማያዊም ይላል። በምን ላጽዳው?


የፒያሳው | አዲስ አበባ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት፦ እንዳታጸጂው! በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በምንም።

አባቴ ብር አንጥረኛ ነበር። ጠገራ ቀልጦ መስቀል ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። ብር ሲጠቁር ይወለወላል፣ በቃ፤ ሌላ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ለጌጥ ደግ ነው። ለሳንቲም ግን ሞት ነው። የመጀመሪያዬን የሜክሲኮ 25 ፔሶ አክስቴ ከውጭ አምጥታልኝ ነበር። ትንሽ ጠቆር ብሏል ብዬ በጥርስ ሳሙና አሸሁት። አብረቀረቀ፤ ደስ አለኝ። ማታ አምፖል ሥር ሳዘነብለው ፊቱ ላይ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች በክብ በክብ ተሠርተዋል። የመጀመሪያው ብርሃኑ ጠፍቷል። እስካሁን አለኝ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በግፊቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይፈሳል። ያ ፍሰት ዓይን የማይለያቸው ስስ መስመሮች ትቶ ያልፋል። ሳንቲሙን ስታዘነብዪው ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ራጂ የሚዞረው በነሱ ነው። ስታሺው መስመሮቹ ይደመሰሳሉ። አንዴ ከጠፉ ማንም አንጥረኛ አይመልሳቸውም።

ጥቁረቱ ብሩ አየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሕድ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ስስ ሽፋን ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወጣ የሚወዱት ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው፤ ተጨማሪም ይከፍሉበታል። ተዪው። በጠርዙ ብቻ ያዢው። ጠንካራ ክብ የፕላስቲክ ካፕሱል አለ፤ 35 ሚሊ ሜትሩን ግዢና ክተቺው። ለስላሳውን ኪስ መሳይ ፕላስቲክ ግን ራቂ። ፒቪሲ ያለበት ከሆነ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ጎማ ላስቲክም አታስጠጊ፣ ድኝ አለው። የእንጨቱ ሰሌዳ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል። ሳንቲሙ ከነካፕሱሉ ይቀመጥ።

ስለ እውነተኛነቱ። አባቴ ጠገራ ሲመጣለት ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማ ነበር። አንቺ ይህን አታድርጊ፣ ጠርዙ ይጎዳል። በመጀመሪያ ማግኔት፤ ብር አይሳብም። ቀጥሎ ሚዛን፤ እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን በርካሽ ይገኛል። ሦስተኛው የውሃ ፈተና ነው፣ እኔ የምተማመነው በሱ ነው። ሚዛኑ ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረሽ ውሃው ውስጥ አንጠልጥይው፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ታቹን ግን አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳይሽ ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። ላንቺ 20 ግራም 925 ብር 1.93 አካባቢ ማሳየት አለበት። በመዳብና ኒኬል የተሠራ አስመሳይ ቢሆን 2.2 ያልፋል። ስትጨርሺ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ ውሃውን ምጠጪ እንጂ አታሺው።


ማራቶን42 | ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ትናንት ማታ ሎሚ ቆርጬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ስልኬን ያየሁት በጊዜ ነው።

ፈተናውን አሁን ሠራሁት። ማግኔቱ አልሳበውም። 19.98 ግራም። ውሃው 1.93 አለኝ። ክሩን ሳወጣ ልጄ «እንደገና! እንደገና!» እያለች ነው።


ጡረተኛው | ስቶክሆልም

ልጄ፣ ሐሳብሽ ልቤን ነካው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳንቲም ሰብስቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ግን አላሰብኩም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰሌዳሽ የሚጀምረው ከቶኪዮ አይደለም፤ ከባዶ ቦታ ነው። በዘመናዊው ኦሊምፒክ የመጀመሪያው መታሰቢያ ሳንቲም የፊንላንድ 500 ማርካ ነው፣ ለ1952ቱ ሄልሲንኪ። 12 ግራም፣ ጥራቱ 500፣ ማለትም ግማሹ ብቻ ብር። 1951 የሚል ዓመት ያለው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከ1952ቱ ብዙ ይርቃል። እኛ ግን ሄልሲንኪ አልነበርንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፍነው በ1956 ሜልቦርን ነው፤ ሜልቦርን ሳንቲም አላወጣችም። ቀጥሎ 1960፣ ሮም። አበበ በባዶ እግሩ፣ 2:15:16.2። ጣሊያንም ለዚያ ኦሊምፒክ ሳንቲም አላወጣችም።

እና ለኛ ትልቁ ቀን ሳንቲም የለውም። ለሱ አንድ ቀዳዳ ባዶውን እንዲተውልሽ ለባለቤትሽ ንገሪው። «የሮም 1960 ሳንቲም» ብሎ የሚሸጥልሽ ካገኘሽ ገልብጠሽ እይው። የገንዘብ ዋጋ አልተጻፈበትም፤ ሜዳሊያ ነው። ሜዳሊያ ማንም ሊያስመታ ይችላል። ሳንቲም ግን መንግሥት ያወጣው፣ ዋጋ የተጻፈበት ገንዘብ ነው። ሜዳሊያው ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ግን አውቀሽ ግዢው።

ከቶኪዮ ቀጥሎ ሜክሲኮ 1968 ነው። 25 ፔሶ፣ 22.5 ግራም፣ 38 ሚሊ ሜትር፣ ጥራቱ 720። ከ27 ሚሊዮን በላይ ስለተመታ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ታገኚዋለሽ፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በብሩ ዋጋ ነው። በአንድ ፊቱ ንስሩና እባቡ አሉ። በሌላው የጥንቱ የኳስ ተጫዋች ከቀለበቶቹ ጋር። ማሞ ወልዴ ያኔ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ፤ ከዚያ ማራቶኑን በወርቅ ደመደመ። አበበ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቆም አደራውን የተቀበለው ማሞ ነው።

ይህ ሳንቲም ሦስት ዓይነት መሆኑን ልብ በይ። በአንደኛው ከታች ያሉት ቀለበቶች እኩል ተሰልፈዋል፤ ብዙውን የምታገኚው እሱን ነው። በሁለተኛው የመሐሉ ቀለበት ዝቅ ብሏል። በሦስተኛው ደግሞ የእባቡ ምላስ ረዝሞ ታጥፏል። ሻጩ ልዩነቱን ሳያውቅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በአንደኛው ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። አጉሊ መነጽር ያዢ።


የፒያሳው | አዲስ አበባ

ጋሼ፣ የጥርስ ሳሙና የቀባሁትን አሁን አውጥቼ አየሁት። የመሐሉ ቀለበት ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ነበር!


ጡረተኛው | ስቶክሆልም

አይዞህ ልጄ። አትሽጠው። የአክስትህ ስጦታ ነው።


ሙኒክ ነዋሪ | ጀርመን

ሙኒክ 1972ን ለኔ ተዉልኝ። እዚህ ከተማ ስኖር 22 ዓመቴ ነው።

10 ማርክ ነው፤ 15.5 ግራም፣ 32.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥራቱ 625። ስድስት ዓይነት ወጥቷል፤ በድምሩ 100 ሚሊዮን። የመጀመሪያው ጽሑፍ ኦሊምፒኩ «በጀርመን» ይካሄዳል የሚል ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ተቃወመች፤ ጀርመን ሁለት ናት፣ ስሙን ብቻችሁን ልትወስዱት አትችሉም አለች። ያው ሥዕል «በሙኒክ» ተብሎ እንደገና ተመታ። የፖለቲካ ጭቅጭቁ ብሩ ላይ ተጽፎ ቀረ ማለት ነው። እኔ ለማራቶን42 የምመክረው «በሙኒክ» የሚለውን ነው። አንድ ነጠላ ሳንቲም ከተማውን በስሙ ቢጠራ ይሻላል።

ትንሿን ፊደል ደግሞ እዩ። ዲ ካለ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ ነው የተመታው። ሁሉንም በሁሉም ፊደል የሚል ሰው 24 ሳንቲም ይሰበስባል።

ሌላ ጥሩ ነገር፦ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የድሮውን ማርክ እስከዛሬ በዩሮ ይቀይራል፣ ጊዜ ገደብ የለውም። 10 ማርክ 5 ዩሮ ከ11 ሳንቲም ነው። ብሩ ብቻውን ግን 9.7 ግራም ገደማ ነው፤ ከመቀየራችሁ በፊት የብሩን ዋጋ አስሉ። አንድ ጎረቤቴ እናቷ የተዉላትን አንድ ከረጢት ሙሉ ባንክ ወስዳ ቀየረች። ኋላ ስነግራት አዘነች።

የኛ ሰዎች? ማሞ በ40 ዓመቱ በማራቶን ነሐስ። ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ነሐስ። በ5 ሺህ ግን ሳይሰለፍ ቀረ። ስለ ምክንያቱ ስንት ነገር ተብሏል።


የናታንያዋ | እስራኤል

ሙኒክ ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር ነው፤ እዚህ የመጣሁት በልጅነቴ ነው። ትምህርት ቤት በየዓመቱ የ11ዱን ስም እናነባለን። ሙኒክ ውስጥ የተገደሉትን የእስራኤል ስፖርተኞችና አሠልጣኞች። አባቴ ደግሞ ስለ ማሞ ወልዴ ይነግረኛል። ሁለቱ ታሪኮች የአንድ ሳምንት መሆናቸውን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ግድያው መስከረም 5 እና 6 ነበር በፈረንጅ። ውድድሩ ቆሞ እንደገና ተጀመረ። ማራቶኑ በአንድ ቀን ተገፍቶ መስከረም 10 ተሮጠ። ማሞ የሮጠው በዚያ ሐዘን መሐል ነው።

ሳንቲሙ ይህን አይናገርም፤ የተመታው ቀድሞ ነው። አንዱን ዓይነት አግኝቻለሁ፣ እጅ ለእጅ የተቆላለፈበትን። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማራቶን42፣ ለልጆችሽ ስትነግሪ ይህንንም ንገሪያቸው።


ማራቶን42 | ሜሪላንድ

እነግራቸዋለሁ እህቴ። ቃሌ ነው።


ቶሮንቶ76

እኔ ደግሞ ሞንትሪያልን ይዤ መጣሁ። ካናዳ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 28 የብር ሳንቲም አወጣች። 14ቱ ባለ 5 ዶላር፣ 24.3 ግራም፤ 14ቱ ባለ 10 ዶላር፣ 48.6 ግራም። ጥራታቸው 925። ባለ 10ሩ መዳፍ ይሞላል። እዚህ አገር በየቤቱ አለ፤ ብዙ ሰው ያኔ ለልጁ ገዝቶ አስቀምጧል። ከነሱ መሐል የ1975ቱ ባለ 5 ዶላር የማራቶን ሯጭ ነው። ሰሌዳሽ ላይ መግባት አለበት።


የፒያሳው | አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ በሞንትሪያልማ አልሮጥንም። ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ልካለች ተብሎ ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኛዎቹ የአፍሪካ፣ ቀሩ፤ እኛም ቀረን። የእህታችን ሐሳብ «የሮጥንበት» ነው። ካልሮጥንበት ሳንቲሙ የሌላ ሰው ነው።


ቶሮንቶ76

አልስማማም፣ በወንድምነት።

ምሩጽ በ1976 ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሞንትሪያል ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ላሴ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ቢኖርስ? ይህን ጥያቄ እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ ስንት ሻይ ቤት ተከራክረንበታል። እሱም የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው በዚህ ከተማ ነው፤ በታኅሣሥ 2016 ያረፈውም እዚሁ ነው። ለኔ የማራቶን ሯጩ ሳንቲም ባዶ አይደለም። አገራችን ለደቡብ አፍሪካ ወንድሞቿ ስትል የልጆቿን ወርቅ አሳልፋ የሰጠችበት ነው። ሮም ሮጠን ሳንቲም የለንም፤ ሞንትሪያል ሳንቲም አለ፣ ሩጫ የለንም። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ መታየት አለባቸው።


የፒያሳው | አዲስ አበባ

እንዲህ ከሆነማ ሎስ አንጀለስ 1984ም፣ ሴኡል 1988ም ሊገቡ ነው። ሁለቱንም ቀርተናል። እነዚያ ግን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ አልነበሩም፤ የጎራ ፖለቲካ ነው። ምን ልትል ነው?


ቶሮንቶ76

እነዚያን አላስገባም። መቅረታችንን የምኮራበትና የማልኮራበት አለ።


ጡረተኛው | ስቶክሆልም

ልጆቼ፣ ሰሌዳው የሷ ነው፤ ትወስን። እኔ ግን ሞስኮ እንዳትረሳ እፈራለሁ።

ሶቪየት ኅብረት ከ1977 እስከ 1980 እንደ ካናዳ 28 የብር ሳንቲም አወጣች። ባለ 5 ሩብል 16.67 ግራም፣ ባለ 10 ሩብል 33.3 ግራም፣ ጥራታቸው 900። በ1978 ከወጡት ባለ 5 ሩብሎች አንዱ ላይ የሩጫ ሥዕል አለ። ሌላ አትፈልጊ። ሞስኮ ማለት ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ነው። የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ማርሽ ሲቀይር እንዳይቀድማቸው ተፎካካሪዎቹ የነበራቸውን ፍርሃት ያኔ በሬዲዮ ያልሰማ የኔ ዘመን ሰው የለም። 5 ሺህም 10 ሺህም ወርቅ። መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ነሐስ፣ እሸቱ ቱራ በ3 ሺህ መሰናክል ነሐስ።

የሞስኮን ሙሉ ስብስብ በሣጥኑ የሚሸጡ አሉ። ንጹሕ ብሩ 630 ግራም ያህል ነው፤ 20 ትሮይ አውንስ ከትንሽ ነገር። ይህን ቁጥር ይዘሽ የዕለቱን የብር ዋጋ አባዢና ከሚጠይቁሽ ጋር አስተያዪ። ለሞንትሪያል ሙሉ ስብስብ 30.35 አውንስ ነው። አውንስ ስትሉ ግን የኛ አንጥረኞች ወቄት አይደለም። ወቄቱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፣ 28 ግራም። ትሮይ አውንስ 31.1 ነው። በዚህ የተሳሳተ ሰው አይቻለሁ።


ሰላም ከዱባይ

ጤና ይስጥልኝ። ሳንቲም አልሰበስብም፣ ግን ውይይቱን ከላይ እስከታች አነበብኩት፤ የምሩጽን ሳነብ አለቀስኩ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። በየወሩ ትንሽ አስቀምጣለሁ። ወርቅ እዚህ ውድ ሆነብኝ። በእነዚህ ሳንቲሞች ብቆጥብ ያዋጣኛል?


ጡረተኛው | ስቶክሆልም

ልጄ፣ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርሽ፦ ለቁጠባ አይሆኑሽም።

መታሰቢያ ሳንቲም አዲስ ሲወጣ ከብሩ ዋጋ በላይ ይሸጣል። ሣጥኑን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ ማብረቅረቁን ሁሉ ታስቦበት። መልሰሽ ስትሸጪው ገዢው የሚከፍልሽ ብዙ ጊዜ የብሩን ነው፤ ከዚያም ላይ ይቀንሳል። አሜሪካ ለአትላንታ ኦሊምፒክ በ1995 እና 1996 ብቻ 16 ዓይነት ሳንቲም አወጣች፤ 8ቱ የብር ዶላር ናቸው። ሰብሳቢው ሰለቸው። በመጨረሻ ምክር ቤታቸው መታሰቢያ ሳንቲም በዓመት ከሁለት ርዕስ እንዳያልፍ ሕግ አወጣ። ያኔ በሙሉ ዋጋ ገዝተው ለዓመታት ከዋጋው በታች የቀረባቸው ብዙ ናቸው።

ብር ራሱም ዋጋው ይዘላል፣ ይወርዳል። የላብሽን ገንዘብ ለድንገተኛ ነገር በምታገኚበት ቦታ አስቀምጪ። ከዚያ የተረፈሽ ካለ፣ ለፍቅር ብለሽ፣ አንድ የሜክሲኮ 25 ፔሶ ግዢ። ንጹሕ ብሩ 16.2 ግራም ነው። ከዚያ ዋጋ ብዙ ካለፉብሽ ተዪው።


ሰላም ከዱባይ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጋሼ። ገብቶኛል። አንድ ቀን የምሩጽን እገዛለሁ፣ አንድ ብቻ።


የፒያሳው | አዲስ አበባ

ከመርሳቴ በፊት። የአገራችን ስም የተጻፈበት የስፖርት የብር ሳንቲም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1982 ለስፔን የዓለም ዋንጫ ብዙ አገሮች መታሰቢያ ሲያወጡ ኢትዮጵያም አወጣች፤ 20 ብር፣ ዓመቱ በኛ 1974። ቡድናችን ዋንጫው ላይ አልነበረም፤ ሳንቲሙ ግን አለ። ለሰብሳቢ የወጣ ስለሆነ ገበያ ላይ አልዞረም፤ የሚገኘውም ውጭ ነው። በኛ ቋንቋ የገንዘቡም የማዕድኑም ስም አንድ ነው፤ ይህ በሁለቱም ትርጉም ብር ነው። እኔ እየፈለግኩት ነው፤ ያየ ይንገረኝ።

ስለ አትላንታ ጋሼ ያሉት እውነት ነው። አሁን ግን ያ ለማራቶን42 ጥሩ ነው። የ1995ቱ የሩጫና ሜዳ ተግባራት ዶላር፣ 26.73 ግራም፣ ጥራቱ 900። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ 10 ሺውን። መስታወት የሚመስለው ፕሩፉ ብዙ ስለተመታ ይረክሳል፤ ተራው ያልዞረው ጥቂት ስለሆነ ይወደዳል። ፕሩፉን ውሰጂ።

ባርሴሎና ለደራርቱ፦ ስፔን ባለ 2000 ፔሴታ ብዙ ዓይነት አውጥታለች፤ 27 ግራም፣ 925። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ የቀደመበት ደግሞ የአውስትራሊያ ባለ 5 ዶላር፣ አንድ አውንስ ሙሉ 999። ከዚያ በኋላ ከወጡት አንዳንዶቹ በቀለም ያጌጡ ናቸው፤ እኔ ልቤ አይሄድላቸውም። ቀለሙ ብሩን ይሸፍነዋል።


ማራቶን42 | ሜሪላንድ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ።

ሜክሲኮው መጣ። ከአንድ ሱቅ ባለ ርካሽ ብር ሣጥን ውስጥ ነው የመረጥኩት። ባለ ሱቁ አጉሊ መነጽር ሳወጣ አየኝና ወንበር ሰጠኝ። አሥራ አንዱን አየሁ። ዘጠኙ ቀለበታቸው እኩል፣ ሁለቱ ዝቅ ያለ። የሁሉንም አንድ ዋጋ ነው የጠራልኝ። ዝቅ ካሉት አንዱን አመጣሁ፤ ሌላውን ደግሞ ለየፒያሳው ይዤልሃለሁ፣ በመጀመሪያው ሰው እልክልሃለሁ። ምንም አልቀባሁትም። 22.49 ግራም፤ ውሃው 2.25።

የእንጨት ሰሌዳው አልቋል። ለሮም የሚሆነውን ቀዳዳ ባለቤቴ ስፋቱ ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ሳንቲም የሌለው ነገር ልኩ ስንት ነው? ተቀምጠን አሰብን። በመጨረሻ 35 ሚሊ ሜትር አደረገው፤ የቶኪዮውን ልክ። ሁለቱም የአበበ ናቸው። ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ባዶ። ልጄ ጣቷን እየከተተች ታዞራለች።

ሞንትሪያልን አስገብቼዋለሁ። ሎስ አንጀለስና ሴኡል አልገቡም። የፒያሳው፣ እንዳትቀየመኝ። ቶሮንቶ76፣ የማራቶን ሯጩ ትርፍ አለህ? በፖስታ ብትልክልኝ ከነማጓጓዣው እከፍላለሁ።


የፒያሳው | አዲስ አበባ

ምን ብዬ እቀየማለሁ! ለሳንቲሙ ቃል የለኝም እህቴ። ሲደርሰኝ ከተበላሸው ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ ልጆቼ ልዩነቱን በዓይናቸው ይዩ።


ቶሮንቶ76

ሁለት አለኝ። አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወርቃማ ጥላ ይዟል፣ ከነድሮ ሣጥኑ። እሱን ነው የምልክልሽ። ሰኞ ከሥራ በፊት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።